ሦስት ሲስተም በአንድ ኮምፒውተር፤ ሰነዳችን እንዳይጠፋ

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ የብዙዎቻችንን ቤት የሚነካ ነው። የልጆቻችን የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ወረቀት ዛሬ ስካን ተደርጎ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ዋናው ወረቀት በመንገድ ለጠፋበት ቤተሰብ ደግሞ ያለችው ያችው ኮፒ ናት። ታዲያ አንድ ቀን ዊንዶውሱ አልነሳም ቢልስ? የምንሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ሙሉ ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ግን ሰነዱም አብሮ ይሄዳል።

ከዚህ የሚያድን አንድ ዘዴ አለ። ይኸውም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከአንድ በላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን፣ ሰነዱንም ለብቻው በተለየ ክፍል ማስቀመጥ ነው። ነገሩ በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤትና አንድ የጋራ ጎተራ እንደመሥራት ነው። የአንዱ ቤት በር አልከፈት ቢል በሌላው ገብቶ ከጎተራው ማውጣት ይቻላል።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ሊኑክስ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነበር። ኡቡንቱ የተባለውን ዓይነት ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 አስጀመረ። ሌሎችም አሉ፤ ደቢያንና ሚንት በሰፊው የታወቁ ናቸው። ሁሉም በነፃ የሚገኙ ሲሆን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መቅዳትም የተፈቀደ ነው። በጎሮምም ሆነ በጁባ ከተማ ዳታ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኡቡንቱ 24.04 ከ5 ጊጋባይት በላይ፣ ሚንት ደግሞ ወደ 3 ጊጋባይት ይሆናል። አንድ ሰው ካወረደው ጎረቤቱ ሁሉ ይጠቀማል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም። እነዚህ ማሽኖች ሊኑክስ ከተጫነባቸው ገና ብዙ ያገለግላሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፣ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሰነዳችሁን ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ወይም ፍላሽ ቅዱ። ዲስክ ሲከፋፈል መብራት ከጠፋ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በጄኔሬተር ወይም በሶላር የምትሠሩ ከሆነ ባትሪው ሙሉ በሆነ ላፕቶፕ ሥሩት።

ሁለተኛ፣ ክፍፍሉን አስቀድማችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በዊንዶውስ ሲታይ 465 ያህል ነው የሚያሳየው። ለዊንዶውስ 120፣ ለሚንት 50፣ ለደቢያን 40፣ ለሁለቱ ሊኑክሶች የጋራ ስዋፕ 5፣ ለሰነድ ደግሞ የቀረውን 250 መመደብ ይቻላል። የሰነዱ ክፍል በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ቢሆን ሦስቱም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም።

ሦስተኛ፣ የአጫጫን ተራ አለው። መጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ቀጥሎ ደቢያን፣ መጨረሻ ሚንት ይጫናል። ዊንዶውስ ዘግይቶ ከተጫነ የሌሎቹን መነሻ ሊሸፍን ይችላል። መጨረሻ የተጫነው ሚንት ግን ሌሎቹን ፈልጎ በዝርዝሩ ያስገባል። ኮምፒውተሩ ሲበራ «የትኛው ይነሳ?» ብሎ የሚጠይቀው ግረብ የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ የግቢው ዘበኛ በሉት።

አራተኛ፣ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የሚንት መጫኛው «ኢሬዝ ዲስክ» የሚል ምርጫ ያቀርባል። እሱን የነካ ሰው ዊንዶውሱንም ሰነዱንም አጠፋ ማለት ነው። መምረጥ ያለባችሁ «ሳምቲንግ ኤልስ» የሚለውን ነው፤ ክፍሎቹን በእጃችሁ እንድታዙ ያስችላችኋል። በደቢያን ደግሞ «ማንዋል» የሚለውን ምረጡ። «ኢኤፍአይ» የምትባለውን ትንሽ ክፍል ሦስቱም ስለሚጋሯት ፎርማት አታድርጓት።

አምስተኛ፣ በዊንዶውስ ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለውን አጥፉ። አለበለዚያ ዊንዶውስ ሲዘጋ በግማሽ ተኝቶ ስለሚቀር ሊኑክስ በጋራው ክፍል ላይ መጻፍ ሊከለከል ይችላል።

ሁለት ሊኑክስ የምትጭኑ ሰዎች ደግሞ «ሆም» የሚባለውን የግል ክፍል ለሁለቱ አንድ አታድርጉት፤ የአንዱ ማስተካከያ የሌላውን ያበላሻል። የሚጋራው ሰነዱ ብቻ ይሁን።

ሰዓቱ ቢዛባባችሁ ማሽኑ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት ይወስደዋል፤ ሊኑክስ ግን እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይቆጥረዋል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በ1 ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ስለዚህ ጁባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ2 ሰዓት ትቀድማለች፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ በ1 ሰዓት ትዘገያለች። ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ስትሻገሩ የምታዩት የ2 ሰዓት ልዩነትም ከዚሁ የመጣ ነው።

አማርኛስ? የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በሊኑክስም መጻፍና ማንበብ ይቻላል። በኪቦርድ ማስተካከያው ላይ አማርኛን መምረጥ ነው፤ ካልተገኘ ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል ጨምሩ።

ገና መሞከር ብቻ የሚፈልግ ሰው ምንም ሳይጭን ሚንትን ከፍላሽ አስነስቶ ማየት ይችላል። ዊንዶውሱ እምቢ ያለበትም ሰው በዚሁ ፍላሽ ተነስቶ፣ ዲስኩ ካልተቆለፈ፣ ሰነዱን ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ «ፎርማት ይደረግ» ስትባሉ አስቀድማችሁ ይህንን ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። ሦስቱም ሲስተሞች ያሉት በአንድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ራሱ ከሞተ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ከተሰረቀ ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ የቤተሰባችሁን ሰነድ በሁለተኛ ፍላሽ ቅዱና በምታምኑት ዘመድ ቤት አስቀምጡ።