የተጨማደደ የሙሽራ ልብስ እንዴት ይቃናል?

በሰሜን ጎንደር ደጋ ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ዐቢይ ጾምም ገና አልገባም። በዚህ ጊዜ ጠላ ይጠመቃል፤ ዳስ ይጣላል፤ የሙሽራዋም ልብስ ከሳጥን ይወጣል። ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ ተጨማድዶ ይገኛል። ከጎንደር ከተማ በኪራይ የሚመጣ ቬሎም እንዲሁ ነው። እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ታጥፎ ሲጓዝ ይጨማደዳል።

ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሙሽራ ልብስ ብዙ የተደከመበት ነው። ጎንደር ከጥንት ጀምሮ የሽመና አገር ናት። የአዲስ ዓለም ሙስሊም ሸማኔዎችና በወለቃ ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤሎች በዚህ ሥራ የታወቁ ነበሩ። እናት ጥጡን ፈልቅቃ፣ አባዝታ፣ በእንዝርት ትፈትላለች። ሸማኔ ይሠራዋል። ጠላፊ ይጠልፈዋል። ይህ ሁሉ ድካም በአንድ የጋለ ካውያ ባንድ አፍታ ይቃጠላል። የተከራዩት ልብስ ከተቃጠለ ደግሞ ትዳር በዕዳ ይጀመራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ለካውያው የተቀጣጠለው ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሥራውን አውቆ መሥራት ይገባል።

ልብስ ለምን ይጨማደዳል?

እረኛ የቆረጠው ዱላ ጎባጣ ቢሆንበት ምን ያደርጋል? እርጥቡን እንጨት በእሳት ያሞቀዋል። ሲለሰልስለት ያቃናዋል። እስኪቀዘቅዝም ድረስ እንደ ተቃና ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ዱላው ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ጥጥም እንደ እንጨት ከተክል የተገኘ ነው። ሁለቱም ሴሉሎስ የሚባል ነገር አላቸው። ሴሉሎስ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ክሮች ማለት ነው። ክሮቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ይኖራሉ። ውሃ ሲገባባቸው መያያዣቸው ይላላል። ውሃው ሲደርቅ ደግሞ በደረሱበት ቦታ እንደገና ይያያዛሉ። ስለዚህ ልብሱ ተጨምቆና ተጠቅልሎ ከደረቀ ተጨማድዶ ይቀራል። ተወጥሮ ከደረቀም እንደ ተወጠረ ይቀራል።

ልብስን የሚያጨማድደው እርጥበትና ጫና ነው። የሚያቃናውም እርጥበት፣ ሙቀትና ጫና ነው። ይህን የያዘ ሰው ሥራውን ግማሽ ያህል አውቆታል ማለት ነው።

ሩት ቤነሪቶ የምትባል አሜሪካዊት የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚህ ጉዳይ ላይ ሠርታለች። የጥጥን ክሮች በኬሚካል አጥብቆ የሚያያይዝ ዘዴ አገኙ። ከሱቅ የሚገዛ አንዳንድ የጥጥ ሸሚዝ ታጥቦ ሳይተኮስ የሚለበሰው በዚህ ምክንያት ነው። የእናት ፈትል ግን ይህ ኬሚካል የለበትም፤ ስለዚህ ይጨማደዳል። ይህ የጥጡ ጉድለት አይደለም።

ልብሱ ከምን እንደ ተሠራ አስቀድሞ መለየት

ሙቀት ከማስነካት በፊት ልብሱ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ለጥጥ የሚስማማ ካውያ ናይለንን ያቀልጣል። ለመለየት ከልብሱ የውስጥ ስፌት ጫፍ አንዲት ክር መዝዙ። ክሯን ከልብሱ ርቃችሁ ለኩሷት። ከዚያም እንዲህ ፍረዱ።

እንደ ወረቀት ነድዳ፣ የወረቀት ሽታ ሸትታ፣ ለስላሳ አመድ ከሆነች ጥጥ ናት።

እንደ ተቃጠለ ጠጉር ከሸተተች ሐር ወይም ሱፍ ናት።

ቀልጣ ጠንካራ ጉብታ ከሠራች ናይለን ወይም ፖሊስተር ናት።

የጥጥ ቀሚስና ነጠላ

ማቃናት የሚጀምረው ከእጥበቱ ነው። ነጭ የፈትል ልብስ በእንዶድ ጥሩ አድርጎ ይጸዳል። ታጥቦ ሲያበቃ ግን እንደ ገመድ ጠምዝዞ መጭመቅ አይገባም። ጭምድዱ የሚፈጠረው ያን ጊዜ ነው። በእጅ ጫን ጫን እያደረጉ ውሃውን ማውጣት፣ ከዚያም አራግፎ መዘርጋት ይሻላል። የእንዶዱን ውሃ ወደ ወንዝ አትድፉ። እንዶድ ዓሣ ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ የእንዶድን ኃይል የተረዱት ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ነው።

ለመተኮስ የሚከተለውን አድርጉ።

1. ልብሱ ጨርሶ ሳይደርቅ ተኩሱት። ደርቆ ከሆነ ንጹሕ ውሃ እፍ እያላችሁ ወይም በእጅ እየረጫችሁ አርጥቡት። ጠቅልላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ብታቆዩት እርጥበቱ እኩል ይዳረሳል።

2. ከሰሉን በደጅ አቀጣጥሉ። ጭሱና ፍንጣሪው አልቆ ፍም ብቻ ሲሆን ወደ ካውያው ጨምሩት። ክዳኑን ግጠሙ።

3. የካውያውን ሆድ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ጥላሸትና አመድ ነጭ ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም።

4. ካውያውን በአሮጌ ነጭ ጨርቅ ላይ ሞክሩት። አምስት እስክትቆጥሩ አሳርፉት። ጨርቁ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ካውያው ፈጅቷል። ጥጥ የሚተኮሰው በ200 ዲግሪ ገደማ ነው። የከሰል ካውያ ግን ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። ልኩን የሚናገርለትም መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ጨርቁ ዳኛ ይሁን።

5. ልብሱን ገልብጣችሁ ከውስጥ በኩል ተኩሱት። ካውያውን በክሩ አቅጣጫ ሂዱበት። ባንድ ቦታ አታቁሙት።

6. ከሰሉን እፍ ማለት ካስፈለገ ከልብሱ ራቁ። ካውያውን የምታሳርፉት በድንጋይ ላይ ይሁን። ሣርና እንጨት ይቀጣጠላል።

በሠርግ ዋዜማ ግን ቤቱ ሁሉ ጥድፊያ ነው። አንዷ፣ «ኧረ እቴ፣ ካውያው ይጋል እንጂ! አጃቢው ሊደርስ አይደል?» ትላለች። ሌላዋ፣ «ልብሱን አርጥቢው እንጂ ካውያውን አታግዪው» ብትላት ትክክሏን ነው። ደረቅ ልብስ በጋለ ብረት ከመቃናቱ በፊት ያርራል። እርጥብ ልብስ ግን በመጠነኛ ሙቀት እሺ ይላል።

ካውያ ከሌለስ?

ካውያ የሌለው ሰው አይቸገር። ከ900 ዓመት ገደማ በፊት በቻይና የተሳለ አንድ ሥዕል አለ። በሥዕሉ ላይ ሁለት ሴቶች ጨርቅ ወጥረው ሲይዙ፣ ሌላይቱ ፍም ባለበት መጥበሻ መሳይ ዕቃ ስትተኩስ ይታያል። የኤሌክትሪክ ካውያ ፈቃድ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1882 በአሜሪካ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ያለ ኤሌክትሪክ ይተኩስ ነበር።

እኛም ሆዱ ለጥ ያለና ንጹሕ የብረት ድስት ልንጠቀም እንችላለን። ውሃውን በሌላ ዕቃ ማፍላት፣ ከዚያም ጥላሸት ወደሌለበት ድስት መገልበጥ ነው። ድስቱን በእርጥቡ ልብስ ላይ ቀስ እያደረጉ መግፋት ይቻላል። ውሃው እንዳይፈስ ድስቱን ከግማሽ በታች ሙሉት። በአገራችን ደጋ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው። በደባርቅ ከፍታ 91 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የፈላ ውሃ ያለበት ድስት ጥጥን ሊያሳርር አይችልም።

ለነጠላ ደግሞ ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ። ሁለት ሰው እርጥቡን ነጠላ ከጫፍና ጫፍ ይዞ ይወጥረዋል። አስተካክሎ ያጥፈዋል። በንጹሕ አንሶላ ጠቅልሎ ከፍራሽ ሥር ያሳድረዋል። ጠዋት ዘርግቶ ጨርሶ ያደርቀዋል።

ጥለት፣ ጥልፍና ካባ

ቀለም ያለው ጥለት ወይም ጥልፍ ከመርጠቡ በፊት ይፈተን። እርጥብ ነጭ ጨርቅ በማይታይ ቦታ ላይ ጫን አድርጉበት። ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከተላለፈ ያን ቦታ አታርጥቡት። ቀዩ ወደ ነጩ ከሮጠ መመለሻ የለውም።

ጥልፉን ስትተኩሱ የታጠፈ ጋቢ ከሥር አንጥፉ። ጥልፉን ወደ ጋቢው ደፍታችሁ ከጀርባው ተኩሱት። ያን ጊዜ ጥልፉ ተደፍጥጦ አይቀርም።

ከከፋይ የተሠራ ካባ በካውያ አይነካም። ጠጉሩ ይተኛል፤ ያብለጨልጫል፤ ቦታው ተለይቶ ይታያል። ካባው የሚቃናው እንደ ቬሎ በእንፋሎት ነው።

ቬሎን በእንፋሎት ማቃናት

ቬሎ ብዙ ጊዜ ከፖሊስተር ወይም ከናይለን ይሠራል። አንዳንዱ ናይለን በ220 ዲግሪ ይቀልጣል። ከመቅለጡም በፊት ይኮማተራል። የከሰል ካውያ እዚህ ሙቀት ላይ በቀላሉ ይደርሳል። እንፋሎት ግን ከፈላው ውሃ አይበልጥም። ስለዚህ ክሩን ያለሰልሰዋል እንጂ አያቀልጠውም።

በመጀመሪያ አከራዩን «በእንፋሎት ብናቃናው ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከፈቀደ፣ ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ልብሱን በንጹሕ ቦታ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። የራሱ ክብደት ብቻ ብዙውን እጥፋት ይጎትትለታል። በቀረው ላይ እንፋሎት አሳዩት። የፈላውን ድስት ከእሳት አውርዳችሁ አምጡ። ልብሱን ወደ ምድጃ አትውሰዱት። ናይለን በእሳት ቶሎ ይያያዛል፤ ቀልጦም ከሰው ገላ ላይ ይጣበቃል። ድስቱን ከልብሱ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ ያዙ። ሌላ ሰው በንጹሕ እጅ ከላይ ወደ ታች ያለስልሰው። ልብሱ ከተቃና በኋላ እስኪደርቅ አትጠፉት። እርጥብ እንደ ሆነ ከለበሱት ወይም ካጠፉት እንደገና ይጨማደዳል።

ከሰል ሰው እንዳይገድል

በዳባትና በደባርቅ የጥር ሌሊት ብርዱ ይበረታል። ሰው ልብስ ተኩሶ ሲጨርስ የተረፈውን ፍም ለሙቀት ብሎ ወደ ቤት ያስገባል። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ በሩን ዘግተው ይተኛሉ። ሞት የሚመጣው እንዲህ ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም አየር ይወጣዋል። ይህ አየር አይታይም፤ አይሸትም። ጭስ የሌለው ፍምም ያወጣዋል። በደም ውስጥ የአየርን ቦታ ይይዛል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ያስመልሰዋል፤ እንቅልፍ ይወስደዋል። ተኝቶ ከሆነ ምልክቱን ሳያውቅ ይሞታል።

ስለዚህ መተኮሱ በዳስ ወይም በደጅ ይሁን። ሲያበቃ ፍሙ በደጅ በውሃ ይጥፋ። ሰው በዚህ ከታመመ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። በሮቹን ክፈቱ። በቤት መድኃኒት ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ልብሱ ከምን እንደ ተሠራ ሳታውቁ እሳት አታስጠጉት። እርጥበት ይቅደም፤ ሙቀት ይከተል። በዋዜማው ከመጣደፍ ይልቅ ሁለት ቀን አስቀድሞ መጀመር ይሻላል። እንዲህ ከተደረገ ቀሚሱም ይተርፋል፤ ገንዘቡም ይተርፋል፤ ሙሽራዋም በጤና ትዳራለች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እርጥብ ልብስ ጠምዝዞ መጭመቅ ለምን ይጎዳል?
2. ጥጥና ናይለን በምን ይለያሉ?
3. ቬሎ በካውያ ሳይሆን በእንፋሎት የሚቃናው ለምንድን ነው?
4. ጭስ የሌለው ፍም በተዘጋ ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል?
5. በመንደራችሁ ካውያ የሌለው ሰው ልብሱን በምን ያቃናል?