ዶሮዋ ለማን ትደርስ ይሆን?

ገበሬ አባቶችና እናቶች፣ የትምህርት ቤት ባዛር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ትምህርት ቤቶች ዓመቱ ሲያልቅ፣ ሰኔ ላይ፣ የወላጆች ቀን ያከብራሉ። አንዳንዶቹ በዚያው ቀን ችግረኛ ተማሪዎችን ለመርዳት ባዛር ያዘጋጃሉ።

ቀኑ የሳቅ ቀን ነው። ልጆች ጆንያ ውስጥ ገብተው እየዘለሉ ይሽቀዳደማሉ። ማንኪያ ነክሰው፣ ሎሚ አስቀምጠውበት ይሮጣሉ። አባቶች ገመድ ይጓተታሉ። እናቶች ቆሎና ዳቦ፣ ሻይና ቡና ይሸጣሉ።

ከሁሉም የሚያጓጓው ግን ቶምቦላው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ዶሮ በስጦታ ሰጠ እንበል። ዶሮዋ ገበያ ብትሸጥ የአንድ ዶሮ ዋጋ ታወጣለች፤ በቃ። በቶምቦላ ግን 300 ቁጥር በ10 በ10 ብር ቢሸጥ 3,000 ብር ይሆናል። አንድ ደብተር በ50 ብር ቢገዛ 60 ደብተር ማለት ነው። ለአንድ ልጅ 6 ደብተር ቢሰጥ ለ10 ልጆች ይበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

ዕጣው ሲወጣ ሁሉም ጸጥ ይላል። ዶሮዋ የምትደርሰው ለአንድ ሰው ነው። ያልደረሰውም አልከሰረም፤ የሱ 10 ብር ደብተር ሆኗል።

ሁለት ነገር አደራ! ገንዘቡ በሕዝብ ፊት ይቆጠር፤ ገቢና ወጪው በሰሌዳ ይጻፍ። እናንተም ቀርባችሁ አንብቡ፤ ደምሩ። የሚረዱት ልጆች ስም ግን በሰው ፊት አይጠራ። ልጅም ያፍራል። መምህሩ ለየብቻ ጠርቶ ይስጣቸው። መስከረም ሲጠባ ማን ገዝቶ፣ ማን ተረድቶ እንደመጣ ሳይታወቅ ሁሉም ደብተሩን ይዞ ይገባል።