ከትምህርት ቤቱ ማዕድ አስቀድሞ ሊዘረጋ ስለሚገባው ማዕድ

ባላገር ቢቸግረው እንኳ ከጓሮው ጎመን ቀንጥሶ፤ ከጎተራው ባቄላ ዘግኖ ልጁን ያበላል። በከተማ ለሚኖር ድኻ ግን ከጨው ጀምሮ እስከ ማገዶው ድረስ ሁሉም በገንዘብ ነው። ስለዚህ የእህል ዋጋ በናረ ጊዜ አስቀድሞ ከገበታው የሚጎድለው እንጀራው ሳይሆን አትክልቱ፤ እንቁላሉና ወተቱ ነው። ሆድ ይሞላል፤ ሰውነት ግን ይራባል። የዚህም ረኃብ ክፋቱ ለዓይን አለመታየቱ ነው።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ማብላቱ እጅግ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ዳሩ ግን ይህ ማዕድ ልጁን የሚያገኘው ለትምህርት ከደረሰ በኋላ ነው። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የአካልና የአእምሮ መሠረት የሚጣለው ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ዓመት ባሉት 1,000 ቀኖች ያህል ነው፤ በዚያን ጊዜ የጎደለውን በኋላ መሙላት እጅግ ያስቸግራል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሚሆኑት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶው 37 ያህሉ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፤ ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃሉን ሰጥቷል።

እንግዲህ ይህ ቃል በከተማ የሚፈጸመው ማዕዱ ወደ እናቲቱ ሲቀርብ ነው። ድኻ እናት ለእርግዝናዋ ምርመራና ለልጇ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መምጣቷ ስለማይቀር፤ በዚያው እንቁላል፤ ጥራጥሬና አትክልት የምትገዛበት ኩፖን ቢሰጣት፤ አምራቾችም ያለ ደላላ የሚሸጡበት የእሑድ ገበያ ለሠፈሯ ቅርብ ቢሆን፤ ገንዘቡ ሳይባክን ለታሰበለት ሕፃን ይደርሳል። ለዚህም የጤና፤ የንግድና የክፍለ ከተማ ሹማምንት በአንድነት መምከር ይገባቸዋል።

ካህናትም የሚረዱበት ነገር አለ። ሕፃን የመጾም ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን በብዙ ቤት የጾሙ ዕቃ እንዳይነካ ሲባል እንቁላሉ ሳይሠራለት ይቀራል። የንስሐ አባት ለሕፃኑ ማብሰያ ዕቃ ለብቻው እንዲለይ ቢመክር፤ የእናቲቱም ጾም ይጠበቃል፤ ልጁም አይጎዳም።

ቤት ጣራው ከተከደነ በኋላ መሠረቱን ማጥለቅ አይቻልም። የትምህርት ቤቱ ማዕድ ፍሬው የተሟላ የሚሆነው፤ ልጁ ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በእናቱ ቤት ሳይጎድልበት ያደገ እንደ ሆነ ነው።