ከዛፉ ሥር ያለው ቆሻሻ

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ክምሩ የ50 ዓመት ክምችት ነበር። ጅማም ሆነ አጋሮ አሮጌ መጣያ ተዘግቶ ደን ይሁን ቢባል ደስ ይለኛል፤ ችግኝ ከመያዛችን በፊት ግን ከሥር ያለውን እንወቅ።

የተቀበረ ቆሻሻ ለዓመታት ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ እሳት ይይዛል፤ የችግኙንም ሥር አየር ይነሳዋል። መሬቱም እየቆየ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዳገቱ መስተካከል፣ ጋዙ መውጫ ማግኘት፣ ክምሩም በሸክላ አፈር ተደፍኖ ወፍራም ለም አፈር መልበስ አለበት። መጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ እንደ ብሳና ያለ ጠንካራ ዛፍ። ዋንዛ የቡናችን ጥላ ነው፤ እዚህ ግን ይቅር፣ ልጆች ፍሬውን ይለቅማሉና።

ጎመንም ቡናም አይተከልበት። ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣው እርሳስ አፈር ውስጥ ይቆያል፤ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። አያቶች፣ የልጅ ልጆቻችሁን ያለ ጫማ አትልቀቋቸው። ልጁን የተጣለ መርፌ ከወጋው ቁስሉን አትጭመቁት፤ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።