ቃል የሌለው ፈተና

ገጹ ላይ አንድም ቃል የለም። ከላይ ቁራጭ የጎደለው ሥዕል፣ ከታች ስድስት ወይም ስምንት አማራጭ ቁራጮች፤ ተፈታኙ ልኩን መርጦ በጣቱ ያሳያል። ጥያቄዎቹ 60 ናቸው፣ እየከበዱ ይሄዳሉ። ይህን የአእምሮ ብቃት ፈተና ብሪታንያዊው ጆን ሬቨን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው።

ለደቡብ ሱዳኗ ጁባ የተሠራ ይመስላል። እዚህ ልጅ ቤቱ ባሪኛ፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ የጁባ ዓረብኛ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሊናገር ይችላል። በየትኛው ትጠይቀዋለህ? ቃል አልባ ፈተና ግልግል ነው።

ብቻ ወረቀትም ይለመዳል። ሥዕልን በረድፍ በረድፍ ማየት፣ ከተደረደሩት መልሶች አንዱን ብቻ መምረጥ፣ መዋዕለ ሕፃናት የዋለ ልጅ ሳይታወቀው የተማረው ነው። ሌላ የለመዱም አሉ፤ ከጁባ ወደ ሰሜን፣ በተረከካ መንገድ፣ የሙንዳሪ የከብት ሰፈሮች አሉ፤ ራቅ ብሎ ዲንካዎች። ዲንካ ዘንድ የበሬ ስም ከመልኩ ይወጣል፦ ማቢዮር ነጩ፣ ማኩዋች እንደ ነብር ጠቃጠቆ ያለበት፣ ማኩዌይ ዓሣ አዳኙን ንስር የመሰለው። ጎረምሳው የበሬውን ስም ለራሱ ይወስዳል። እኛም ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳለቻ እንላለን፤ የእነሱ ግን የእኛን ያስንቃል። ሬቨን ጥያቄዎቹን ከበሬ ቆዳ ቀድቶ ቢሆን እኔ ጭራ ነበርኩ።

ቀልድ ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ሰርፔል እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት የዛምቢያና የእንግሊዝ ልጆች ቅርጽ እንዲቀዱ ተጠየቁ። በእርሳስና በወረቀት እንግሊዞቹ በለጡ፤ በሽቦ ሲሆን ዛምቢያውያኑ። የሽቦ መኪና እየሠሩ ነዋ ያደጉት! በጭቃ እኩል ወጡ።

ወደ እኛ ሲመጣ ያናድዳል። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሃነን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ በአማካይ የአእምሮ ብቃት ነጥብ (IQ) ለብሪታንያ 100፣ ለኢትዮጵያ 63 ሰጡ። በዚህ ሚዛን ከ70 በታች የአእምሮ ውስንነት የሚጠረጠርበት ነው። መነሻቸውስ? 250 የ14 እና የ15 ዓመት ቤተ እስራኤላውያን፣ ያውም እስራኤል ገብተው በዚሁ በሬቨን ፈተና የተፈተኑ። አገር ሙሉ ሕዝብ በእነሱ ተለካ።

እዚያው እስራኤል ዴቪድ ጹሪኤል ከባልደረባው ጋር የአንደኛ ክፍል ኢትዮጵያውያን ልጆችን ፈትኖ ነበር። መጀመሪያ ከአገሩ ተወላጆች ወደኋላ ቀሩ። ከዚያ እንዴት እንደሚያነጻጽሩ፣ ምን እንደሚፈልጉ አሳዩአቸው። እንደገና ሲፈተኑ ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999፣ 63 ከመጻፉ ሦስት ዓመት በፊት ነው።