ዲኤችሲፒ ብዙ የኔትወርክ ካርድ ባለው ሰርቨር ላይ

ዲኤችሲፒ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ላሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች የአይፒ አድራሻ በራሱ የሚያድል ፕሮቶኮል ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለአይፒ ቪ4 መሠረት የሆነው አርኤፍሲ 2131 የተባለው ሰነድ በ1997 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሰርቨሩ ከአንድ በላይ የኔትወርክ ካርድ ካለውና ካርዶቹ ከተለያዩ ኔትወርኮች ጋር ከተገናኙ፣ በየትኛው ካርድ በኩል የትኛው አድራሻ እንደሚታደል ለይቶ ማዋቀር ያስፈልጋል።

አሠራር

አዲስ የበራ ኮምፒውተር አድራሻ ስለሌለው ጥያቄውን በኔትወርኩ ላሉ ሁሉ ይልካል፤ ይህ ብሮድካስት ይባላል። ሰርቨሩ ጥያቄውን በዩዲፒ ፖርት 67 ተቀብሎ አድራሻ ያቀርባል፤ ኮምፒውተሩ ሲቀበለውም ያጸድቅለታል። ብሮድካስት ራውተርን አያልፍም። በመሆኑም ሰርቨሩ አድራሻ የሚመርጠው ጥያቄው የገባበትን ካርድ አይቶ ነው።

አወቃቀር

ለምሳሌ ወልቂጤ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሩ ሦስት ካርድ አለው እንበል፦

• ካርድ 1፦ ወደ ኢንተርኔት ራውተሩ የሚሄድ፣ አድራሻ የማይታደልበት
• ካርድ 2፦ የሠራተኞች፣ 192.168.10.1
• ካርድ 3፦ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ክፍል፣ 192.168.20.1

አወቃቀሩ አራት ደረጃዎች አሉት፦

1. ለካርድ 2 እና 3 ቋሚ አድራሻ ይሰጣል።
2. ለእያንዳንዱ ኔትወርክ የሚታደሉት አድራሻዎች ይወሰናሉ፤ ለምሳሌ ከ192.168.10.50 እስከ 192.168.10.200። የካርዱ የራሱ አድራሻ ከእነዚህ ውጭ መሆን አለበት።
3. አገልግሎቱ ካርድ 2 እና 3 ላይ ብቻ እንዲሠራ ይታዘዛል።
4. ኮምፒውተሮቹ መውጫ በር (ጌትዌይ) አድርገው የሚይዙት በየበኩላቸው ያለውን ካርድ ነው፤ የሰርቨሩ የራሱ ጌትዌይ ግን በካርድ 1 በኩል ብቻ ይሆናል። ሰርቨሩ ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው መረጃ እንዲያሳልፍም ይፈቀድለታል።

ሦስተኛው ደረጃ ከተዘለለና ሰርቨሩ በካርድ 1 በኩልም ማደል ከጀመረ፣ በዚያው መስመር ከሚያድለው ራውተር ጋር ይጋጫል። ኮምፒውተሮች አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን መልስ ስለሚቀበሉ፣ አንዱ በትክክል ሲሠራ አጠገቡ ያለው ኢንተርኔት ሊያጣ ይችላል። ችግሩ ሄድ መለስ ስለሚል ምንጩን ማግኘት ያስቸግራል።

በሌላ ከተማ ያለ ቅርንጫፍ

መሥሪያ ቤቱ ቡታጅራ ላይ ቅርንጫፍ ቢኖረው፣ ወልቂጤ ባለው ሰርቨር ላይ ካርድ መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የቡታጅራው ብሮድካስት እዚያው ራውተሩ ጋ ይቆማልና። ስለዚህ የቡታጅራው ራውተር ጥያቄውን ተቀብሎ፣ የራሱን አድራሻ ጽፎበት፣ ወደ ወልቂጤ እንዲልክ ይደረጋል፤ ይህ ሪሌይ ይባላል። ሰርቨሩ በዚህ ጊዜ የሚያየው ካርዱን ሳይሆን የተጻፈውን አድራሻ ነው።

አድራሻ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ በሊዝ ነው። ኮምፒውተሩ የሊዙ ግማሽ ሲያልፍ እድሳት ይጠይቃል። በከተሞቹ መካከል ያለው መስመር ተቋርጦ ሊዙ ካለቀ ቅርንጫፉ አድራሻውን ያጣል፤ እዚያው ክፍል ባለው የጋራ ፕሪንተር ማተም እንኳ ሊያቅት ይችላል። መስመሩ በሚቆራረጥበት ቦታ ሊዙን ማርዘም ወይም የቅርንጫፉ ራውተር ራሱ እንዲያድል ማድረግ ይመረጣል።

ብልሽትን መለየት

በ169.254 የሚጀምር አድራሻ የያዘ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ከዲኤችሲፒ ሰርቨር መልስ ያላገኘ ነው። የሌላ ኔትወርክ አድራሻ የያዘ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጣራው ኬብሎቹ በካርዶቹ ላይ ተቀያይረው እንዳልተሰኩ ነው።