ማንሻው ከመገዛቱ በፊት፦ በልደታ ጠባብ ግቢ ሁለት መኪና ማሳደር

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ በጌጃ ሰፈርና በባልቻ ሆስፒታል ዙሪያ ባሉት የቆዩ መንደሮች፣ ብዙው ግቢ አንድ መኪና ካስገባ በኋላ የብረት በሩን ለመዝጋት እንጂ ለሌላ ነገር አይበቃም። ቤተሰቡ ሁለተኛ መኪና ሲይዝ አንደኛው ከአጥር ውጭ ያድራል። ውጭ ማደር ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው፦ ለጥበቃ የሚከፈል ገንዘብ፣ በአንድ ሌሊት የሚነቀል መስታወት፣ በጠባቡ መንገድ ምክንያት ከጎረቤት ጋር የሚነሳ ጭቅጭቅ።

ወደ ጎን የታጣውን ቦታ ወደ ላይ መፈለግ እንግዲህ ከዚህ የሚመጣ ሐሳብ ነው። አንዱ መኪና በማንሻ ከፍ ይላል፤ ሌላው ከሥሩ ይገባል። አሠራሩ ለከተማዋ እንግዳ አይደለም፤ መገናኛ አካባቢ መኪኖችን በብረት መደብ ላይ እያነሳ የሚደረድር የሕዝብ ማቆሚያ ተሠርቷል። በመኖሪያ ግቢ ሲሆን ግን ኃላፊነቱ ሁሉ በቤቱ ባለቤት ላይ ይወድቃል። ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ ማንሻውን ቀድሞ ከመግዛት። ቁመት፣ መሬትና መብራት ሳይለኩ የተገዛ ማንሻ በግቢ ጥግ ሸራ ለብሶ የሚዝግ ብረት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በመጀመሪያ የሚለካው ቁመቱ ነው። ለአብነት ቤተሰቡ አንድ ቶዮታ ቪትዝና አንድ ሱዙኪ ዲዛየር አለው ይባል። የሁለቱም ቁመት 1.5 ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ላለው የብረት መደብ ውፍረት 15 ሴንቲ ሜትር፣ ከታችኛው መኪና ጣሪያ በላይና ከላይኛው መኪና ጣሪያ በላይ ለመተንፈሻ አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ሲጨመር ድምሩ ወደ 3.4 ሜትር ይደርሳል። ይህ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ማገር የታችኛው ጠርዝ ድረስ የሚለካ ንጹሕ ቁመት ነው፤ የተንጠለጠለ አምፖል፣ ወደ ላይ የሚጠቀለል በር ወይም የዝናብ አሸንዳ ከመካከል ከገባ ስሌቱ ይፈርሳል። ከሁለቱ አንዱ 1.8 ሜትር የሚቆመው ሃይሉክስ ከሆነ ደግሞ 3.7 ሜትር ያስፈልጋል። በተለምዶ የሚሠራው የመኖሪያ ቤት ጣሪያ 3 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ነባሩን የመኪና መጠለያ እንዳለ መጠቀም ለብዙዎች አይሆንላቸውም። ጣሪያውን ማንሳት ወይም ማንሻውን መተው እንጂ ሦስተኛ መንገድ የለም።

የመሬቱ ስፋት ግን እጅግ ይቆጠባል። ሁለት መኪኖችን ጎን ለጎን በሮቻቸው ተከፍተው ሰው እንዲወርድባቸው አድርጎ ለማቆም 6 በ6 ሜትር፣ ማለትም 36 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። 100 ካሬ ሜትር ላይ ላረፈ ግቢ ይህ ከሲሶ በላይ ነው። አንዱን በአንዱ ላይ ለማቆም 3.5 በ6 ሜትር፣ 21 ካሬ ሜትር ይበቃል። የተረፈው 15 ካሬ ሜትር አንድ ክፍል ቤት ወይም ሰፋ ያለ የጓሮ አትክልት መደብ ነው።

የማንሻው ዓይነት የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ለማሳደሪያ የሚስማማው ባለ አራት ምሰሶው ነው። መኪናው በጎማው በሁለት የብረት መደቦች ላይ ይቆማል፤ ክብደቱም ለአራት እግሮች ይከፋፈላል። በጋራዦች የሚታየው ባለ ሁለት ምሰሶ ማንሻ መኪናውን ከሥር በክንዶቹ ስለሚይዝ ጎማ ለማውለቅና ለጥገና ይመቻል፤ ነገር ግን ጭነቱ ሁሉ በሁለት እግሮችና በወለሉ ብሎኖች ላይ ያርፋል። ለቤት የሚፈለገው ሁለት መኪና ማሳደር ከሆነ ባለ ሁለት ምሰሶውን መምረጥ አላስፈላጊ ድፍረት ነው።

በሁለቱም ዓይነት ኃይሉን የሚሰጠው የዘይት ግፊት ነው። ትራክተር ያረሰ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ማረሻውን ከኋላ ብድግ የሚያደርገው፣ የገልባጭ መኪናን ሳጥን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ያው ነው። ትንሽ ፓምፕ ዘይቱን ወደ ሲሊንደር ይገፋል፤ ፒስተኑ ደግሞ በሽቦ ገመድ ወይም በሰንሰለት አማካኝነት መደቡን ይስባል። ማረሻውን ያነሳ ትራክተር ሌሊቱን ሲያድር ማረሻው ቀስ በቀስ መሬት ሲነካ ያየ ሰው ዘይት ብቻውን ጭነት ይዞ እንደማያድር ተረድቷል። ስለዚህ እውነተኛ ማንሻ በየምሰሶው የብረት ጥርስ አለው። መኪናው ከተነሳ በኋላ ጥርሱ ላይ እስኪቀመጥ ዝቅ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ክብደቱን የሚሸከመው ዘይቱ ሳይሆን ብረቱ ነው። ይህ ሳይሆን ከሥሩ ልጅም ሆነ ሌላ መኪና መግባት የለበትም። በክሪክ አንስቶ ድንጋይ አስደግፎ መግባትም እንደዚሁ ነው፤ በየመንገዱ ዳር መለመዱ አደጋውን አላስቀረውም።

መሬቱ ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ነው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም እሱ ነው። በቆዩ የልደታ ግቢዎች ኮንክሪቱ ከሚፈስስበት ቦታ ሥር የተደፈነ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የሴፕቲክ ታንከር ወይም የድሮ ቤት ፍርስራሽ ሊኖር ይችላል። የተደፈነ ጉድጓድ ለዓመታት ቆሞ የሚሄድ ሰው ይሸከማል፤ በአንድ የማንሻ እግር ሥር የሚያርፈውን ከግማሽ ቶን በላይ ጭነት ግን ላይሸከም ይችላል። ከአራቱ እግሮች አንዱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከሰመጠ ላይ ያለው መኪና ያዘነብላል። የአካባቢው አዛውንቶች የት ምን እንደነበረ ያውቃሉ፤ እነሱን መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይቀድማል። ቀጥሎም እግሮቹ በሚያርፉባቸው አራት ቦታዎች በዶማ ቆፍሮ ማየት ይገባል።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ይነሳል። ጤፍና ሽምብራ የሚወዱት ይህ ጥቁር አፈር ለግንባታ ክፉ ባላጋራ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በአዲስ አበባ በተለይ በምሥራቅና በደቡብ በኩል በብዛት ይገኛል፤ በአማራ ክልል ከተሞችም ለብዙ ቤት መሰንጠቅ ምክንያት ሆኗል። መፍትሔው ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በምትኩ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ እያጠጡና እየጠቀጠቁ መሙላት ነው። ከጣሪያ የሚወርደውም ውኃ ከወለሉ እንዲርቅ በቦይ ይመራል።

ከዚያ በላይ የሚያርፈው አርማታ ነው። የማንሻ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይጠይቃሉ፤ አፈሩ በደንብ ላልታወቀ ግቢ 15 ሴንቲ ሜትር ከፌሮ መረብ ጋር ማድረግ ብልህነት ነው። 3.5 በ6 ሜትር ወለል በዚህ ውፍረት 3.15 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ሲታሰብ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 23 ያህል ይሆናል። ኮንክሪቱ እንደ ፈሰሰ በጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ የደጋ ፀሐይና ነፋስ ላዩን በአንድ ቀን ያደርቁታል፤ የደረቀ መስሎ ግን አልጠነከረም። ማንሻው የሚተከለው 28 ቀን ከሞላ በኋላ ነው። ሠራተኛው ቸኩሎ በሁለተኛው ሳምንት ብሎን ልብሳ ቢል መልሱ እምቢ ነው።

መብራቱ እንደሚፈራው አይደለም። ለቤት የሚሠሩ ማንሻዎች ሞተር ብዙ ጊዜ 2.2 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ስለሚወስድ፣ ምጣድ የሚያሠራ ቆጣሪ ማንሻውንም ያሠራል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ካልሆኑና ማንሻው የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ካለው። ሊጣራ የሚገባው ሞተሩ በ220 ቮልት የሚሠራ መሆኑ ነው። ለጋራዥ የተሠሩት ብዙዎቹ የ380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ናቸው፤ እነሱን የገዛ ሰው ሌላ ቆጣሪ ማመልከት ይኖርበታል።

ስለ መብራት መቋረጥ ግን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ጥርስ ላይ የተቀመጠን መኪና ለማውረድ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ አድርጎ ጥርሱን ማላቀቅ ግድ ነው፤ ለዚህም ሞተሩ ይፈለጋል። መብራት በጠፋበት ሌሊት ታማሚ ለማድረስ የሚፈለገው ላይኛው መኪና ከሆነ ቤተሰቡ ተይዟል ማለት ነው። ስለዚህ የእጅ ፓምፕ ያለው ማንሻ መጠየቅ፣ እንዲሁም ማልዶ የሚወጣውንና ለድንገተኛ ጉዳይ የሚፈለገውን መኪና ሁልጊዜ ከሥር ማሳደር ይበጃል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ሁለተኛው መኪና ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ይህ ሁለት ነገሮችን ይለውጣል። አንደኛው ክብደት ነው፤ ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ሲሆን በአዲስ አበባ መንገዶች የተለመደው ፎልክስቫገን አይዲ 4 ከ2 ቶን ያልፋል፤ ርዝመቱም 4.58 ሜትር ነው። ማንሻው ዛሬ ላለው ትንሽ መኪና ብቻ ተለክቶ ከተገዛ ነገ አይሆንም። ሁለተኛው ባትሪው ነው። ባትሪው በወለሉ ሥር ስለሚገኝ ባለ ሁለት ምሰሶ ማንሻ ክንዱ ያለ ቦታው ካረፈ ይጎዳዋል፤ በጎማው የሚያቆመው ባለ አራት ምሰሶ እዚህም ይሻላል። 7 ኪሎ ዋት የሚወስድ የቤት ባትሪ መሙያ የሁለት ምጣድ ያህል ስለሆነ የሽቦው ውፍረት ከመጀመሪያው ለእሱ ይታሰብ።

በነዳጅ የሚሠራው መኪና በተዘጋ መጠለያ ውስጥ እንዳይቀሰቀስ በፊትና በኋላ የአየር መተላለፊያ መተው ይገባል። የከሰል ምድጃና የቤንዚን ጀሪካንም በዚያ ቦታ አያድሩም። ከላይኛው መኪና የሚንጠባጠበው ዘይት በታችኛው ላይ እንዳያርፍ በመደቦቹ መካከል ላሜራ ይዘረጋል።

ጣሪያ ማንሳት ወይም አዲስ ማቆም ከተወሰነ የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያለ ፈቃድ መገንባትን ከልክሎ ነበር፤ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነውን ባለ አንድ ወለል ሕንፃ በቀላሉ ምድብ፣ በምድብ ሀ፣ መድቦት ነበር። በወረዳና በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ሲቀርብ ንድፉ ማንሻውንም ማሳየት አለበት፤ ጎረቤት ከአጥሩ በላይ የወጣውን መኪና ሲያይ ቅሬታ ማቅረቡ የማይቀር ነውና።

ከዚህ ሁሉ በፊት ምንም የማያስወጣ አንድ ሙከራ አለ። ጋራዡ በሚያርፍበት ቦታ 3.5 በ6 ሜትር በኖራ ይሰመር፤ የአራቱ ምሰሶዎች ቦታ በብሎኬት ይመልከት። ከዚያም መኪናው ከመንገድ ተነስቶ በበሩ ገብቶ በብሎኬቶቹ መካከል ይቁም፤ ሾፌሩም በሩን ከፍቶ ይውረድ። በጌጃ ሰፈር ዓይነት ጠባብ መንገድ ችግሩ ከግቢው ውስጥ ይልቅ በበሩ መታጠፊያ ላይ ሊሆን ይችላል። መኪናው በሦስት ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ፊት ካልገባ መጀመሪያ መስፋት ያለበት በሩ ነው።